በአሮጌ ጠመንጃ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ስለ ማንበብ

ሰው በስሙና በአባቱ ስም፣ ከብት በጆሮው ቅድና በቈዳው ላይ በተተኰሰው ምልክት፣ ሸቀጥም በላዩ በተጻፈው ጽሑፍ ይታወቃል። ጠመንጃ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጽሑፍ በአካሉ የተሸከመ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ሰው ጽሑፉን ትቶ መልኩን ብቻ በማየት ስም ያወጣለታል። ይህ በጨዋታ መካከል ሲሆን ጉዳት የለውም። በመዝገብ ላይ፣ በሽያጭ ውል ላይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ሲሆን ግን፣ በግምት የተሰጠ ስም ብዙ ሰው የሚያሳስትና ለማረምም የሚያስቸግር ነገር ይሆናል።

አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ዛሬም በዓለም ገበያ የሚዘዋወር ሸቀጥ ነው። በቅርብ ዓመታት እንኳ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ተከማችተው የኖሩ የኢጣልያ፣ የፈረንሳይ፣ የቤልጅግና የእንግሊዝ ጠመንጃዎች በነጋዴ ተገዝተው ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ስለዚህ መዝገብ የሚይዝ አስተዳዳሪም ሆነ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ፣ በብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዴት ማንበብ እንደሚገባው ጥቂት ቢያውቅ የሚጠቀም መሆኑን በማመን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ በብረቱ ላይ እንደሚገኙት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዳላስ ጠመንጃ

በግምት ስም መስጠት ምን ያህል እንደሚጐዳ ከሚያስረዱት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ የሆነው ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኅዳር 22 ቀን 1963 በጥይት ተመትተው ከሞቱ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ፣ የትምህርት መጻሕፍት ማከማቻ በነበረ ሕንፃ በስድስተኛው ፎቅ ላይ በካርቶን ሣጥኖች መካከል የተሸሸገ ጠመንጃ ተገኘ። ያገኙት ዩጂን ቡንና ሲሞር ዋይትስማን የተባሉ ሁለት የሕግ አስከባሪዎች ነበሩ። ሁለቱም በሩቅ እንዳዩት መልኩን በመገመት፣ ጠመንጃው 7.65 ሚሊሜትር የሆነ የጀርመን ሞዜር ነው አሉ። ዋይትስማንም ይህንኑ በማግሥቱ በመሐላ ቃሉ ላይ አሰፈረው። ወሬው በጋዜጣና በራዲዮ ወዲያው ተሠራጨ።

ጠመንጃው ግን ሞዜር አልነበረም። በብረቱ ላይ ‘የኢጣልያ ሥራ’ የሚል ጽሑፍ፣ ‘6.5’ የሚል የአፈሙዝ ስፋት፣ ‘ቴርኒ’ የሚል የከተማ ስም፣ ‘1940’ የሚል ዓመት፣ የዘውድ ምልክትና ‘ሲ 2766’ የሚል ተራ ቁጥር ተቀርጾበት ነበር። ይህን ሁሉ ለማንበብ የመሣሪያ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቀረብ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ዋይትስማን በኋላ በግምት እንደ ተናገረ ቢያስረዳም ነገሩ በዚያ አልቆመም። የመጀመሪያው ቃል ስለ ተጻፈ፣ ‘ሁለት ጠመንጃ ነበረ፤ አንዱ ተሰውሯል’ የሚሉ ሰዎች ተነሡ፤ ክርክሩም ብዙ መጻሕፍት ተጽፈውበት እስከ ዘመናችን ድረስ ዘልቋል። በአንድ ቀን የተጻፈ አንድ የተሳሳተ ስም ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ በዚያው ጠመንጃ ላይ የነበሩት ምልክቶች ምን ማለት እንደ ነበሩ አንድ በአንድ እንመልከት። ቴርኒ በመካከለኛው ኢጣልያ የምትገኝ ከተማ ስትሆን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረባት ናት። ስለዚህ ጽሑፉ የሠሪውን ቦታ እንጂ የባለ ንብረቱን ስም አይናገርም። ዘውዱ የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ምልክት ነው፤ ጠመንጃው በንጉሡ ስም የተሠራ የመንግሥት ንብረት እንደ ነበረ ያሳያል። በእንደዚህ ያሉ ጠመንጃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ‘ኤሬ’ እና ‘ኤ’ የሚባሉት ሁለት ፊደሎችም ‘ረጅዮ ኤሴርቺቶ’ ማለት የንጉሡ ሠራዊት ለማለት የተጻፉ ናቸው። ‘የኢጣልያ ሥራ’ የሚለው ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ከሌሎቹ የተለየ ነው። የኢጣልያ ሠራዊት ለራሱ ወታደር በእንግሊዝኛ አይጽፍምና፣ ይህ ጽሑፍ ጠመንጃው ከወታደር እጅ ወጥቶ የውጭ ገበያ ዕቃ መሆኑን የሚያስረዳ ነው። በዚህ ዐይነት በአንድ ጠመንጃ ላይ የሁለት ዘመን ታሪክ፣ የወታደርነቱና የሸቀጥነቱ፣ ጐን ለጐን ተጽፎ ይገኛል።

ዓመቱም የራሱ ትርጕም አለው። ኢጣልያ በ1891 ካወጣችው ረዥም ጠመንጃ በኋላ፣ በ1938 አፈሙዙ 7.35 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ጠመንጃ ማሠራት ጀምራ ነበር። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ግን ሁለት ዐይነት ጥይት ለሠራዊት ማደል አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከ1940 ጀምሮ ያንኑ አጭር ጠመንጃ በቀድሞው በ6.5 ሚሊሜትር ልክ እንዲሠራ አደረገች። የዳላሱ ጠመንጃ ከዚህ ዐይነት አንዱ ነው። ስለዚህ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ጠመንጃዎች ጥይታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸውም ያ ትንሽ ጽሑፍ ነው።

የነጋዴው መዝገብ

ሁለቱ ሰዎች በመልክ ሲገምቱ፣ ዴይ የተባለው የዳላስ ፖሊስ ሌተና ጠመንጃውን ቀረብ ብሎ መርምሮ ቁጥሩን ጻፈ። ነገሩን ያቀናውም ይህ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች እንዲህ ያሉትን የኢጣልያ ትርፍ ጠመንጃዎች የሚያከፋፍለው ማን እንደ ሆነ በዳላስ ያሉትን ነጋዴዎች ጠየቁ፤ ክሬሰንት የተባለ የኒውዮርክ አከፋፋይ መሆኑንም ሰሙ። የክሬሰንት መዝገብ ሲታይ፣ ሲ 2766 የሚል ቁጥር ያለው ጠመንጃ በቺካጎ ከተማ ላለው ለክላይንስ መደብር ተልኮ ተገኘ። የክላይንስ ሠራተኞችም ሌሊቱን ሙሉ የመዝገባቸውን ፊልም ሲፈልጉ አድረው፣ ሊነጋጋ ሲል የማዘዣውን ወረቀት አገኙት። ጠመንጃው መጋቢት 20 ቀን 1963 ‘ኤ. ሃይዴል’ ለሚባል ሰው በዳላስ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን ተልኳል፤ ዋጋው ከማነጣጠሪያ መነጽሩ ጋር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ከመላኪያው ጋር 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነበር። በማዘዣው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ የመረመሩት ባለሙያዎችም የሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ጽሑፍ መሆኑን መሰከሩ።

ግድያው ከተፈጸመ አንድ ቀን ሳይሞላ ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው በምን ምክንያት ነው? ሁለት ነጋዴዎች እያንዳንዱን ጠመንጃ በቁጥሩ መዝግበው ስለ ያዙ ነው። የክላይንስ መደብር እንዲያውም ለያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን የመደብር ቁጥር እየሰጠ፣ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ጐን ለጐን ይጽፍ ነበር። ‘አንድ የኢጣልያ ጠመንጃ ተሸጠ’ ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ፣ ይህን የመሰሉ ብዙ ሺህ ጠመንጃዎች በገበያ ላይ ስለ ነበሩ ከመካከላቸው አንዱን ለይቶ ማወቅ ባልተቻለም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለነጋዴ የሚሆን ሌላም ትምህርት አለ። መደብሩ በማስታወቂያው ላይ ያወጣው 36 ኢንች ያህል ርዝመት ያለውን ጠመንጃ ሲሆን፣ የላከው ግን 40 ኢንች ያህል የሆነውን ነው። በማስታወቂያ ላይ የወጣ ስምና ሥዕል የዕቃው ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክሩ ዕቃው ራሱና በላዩ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው።

የአገር ስምና የብረት ስም

በእኛም ዘንድ ጠመንጃ በስም የሚጠራ መሆኑ የታወቀ ነው። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዩ ‘ፉዚ ግራ’ ስም በአፋችን ተለውጦ የቀረ ነው። ቤልጅግ የሚባለው የሠሪውን አገር ስም የያዘ ነው። ምንሽርም የኦስትርያዊውን የማንሊኸርን ስም የሚያስታውስ ነው። እነዚህ ስሞች ያማሩና የቈዩ ናቸው፤ ለመዝገብ ግን አይበቁም። ሕዝቡ አንዱን ስም ለብዙ ዐይነት ጠመንጃ ይሰጣልና።

በትርጕም ሥራችን ላይ ሳለን አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ የጠመንጃ ዝርዝር አጋጥሞናል። በዝርዝሩ ውስጥ ዐሥራ አንድ ጠመንጃዎች ሲኖሩ፣ ዐሥራ አንዱም ‘ቁጥር 1874’ ተብለው ተመዝግበው ነበር። ነገሩ ሲመረመር ሁሉም ውጅግራዎች ናቸው፤ 1874 የተባለውም በጥይት ቤቱ ላይ ከፋብሪካው ስም አጠገብ በጉልህ የተቀረጸው የሞዴሉ ዓመት ነው። ጸሓፊው ትልቁን ቁጥር አይቶ ትንሹን ተራ ቁጥር ሳያይ ቀርቷል። እንደዚህ ባለ መዝገብ ከዐሥራ አንዱ ጠመንጃዎች አንዱ ቢጠፋ የትኛው እንደ ጠፋ ማወቅ አይቻልም። መዝገብ ተይዟል፤ ነገር ግን ምንም አልተመዘገበም ማለት ነው።

አምስቱ ጥያቄዎች

ይህን የመሰለ ስሕተት ለማራቅ፣ ጠመንጃውን የያዘ ሰው አምስት ነገሮችን በተራ ቢጠይቅ ይበቃዋል። እነርሱም፦ የሠራው ማን ነው? ያሠራው መንግሥት ማን ነው? የተሠራው መቼ ነው? ተራ ቁጥሩ ስንት ነው? የሚጐርሰው ጥይት ምን ዐይነት ነው? የሚሉ ናቸው።

የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ በጥይት ቤቱ ላይ ወይም በበርሜሉ ግርጌ ላይ ይገኛል። በፈረንሳዩ ግራ ላይ ‘ሴንት ኤትየን’ የሚል የከተማ ስም ተጽፎ ሲታይ፣ በኦስትርያው ሞዴል 95 ላይ ‘ስቴየር’ ወይም ‘ቡዳፔስት’ የሚል ይታያል። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ምልክቱ የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ ከመቀርቀሪያው እጀታ በታች እንጨቱን በሚይዘው የብረት ቀለበት በቀኝ ጐን ላይ ዘውድ፣ የንጉሡ ስም መነሻ ፊደሎች፣ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱና የሞዴሉ ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይነበባሉ። ‘ጂ. አር.’ የሚሉት ፊደሎች ንጉሥ ጆርጅ ማለት ሲሆኑ፣ ዓመቱ ካልታየ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው መሆኑን አይለዩም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሠሪው ስሙን ሆን ብሎ ይሰውራል። ጀርመን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል መሣሪያ እንዳትሠራ ተከልክላ ስለ ነበረ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት በድብቅ በምትሠራቸው ጠመንጃዎች ላይ በፋብሪካው ስም ፈንታ የምስጢር ቁጥር ታስመታ ነበር። በኦበርንዶርፍ ከተማ የነበረው የሞዜር ፋብሪካ ‘ኤስ 42’ በሚል ምልክት ይታወቅ ነበር። ዓመቱም ራሱ በፊደል ተሰውሮ ነበር፤ ‘ካ’ የተባለው ፊደል 1934ን፣ ‘ጌ’ የተባለው 1935ን ያመለክታል። እንግዲህ በብረት ላይ ያለ ጽሑፍ ሁልጊዜ በቀጥታ የሚናገር እንዳይመስለን ያስፈልጋል።

ዓመትን ስለ ማንበብ

በዓመት ረገድ አንባቢን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከላይ እንዳየነው የሞዴልን ዓመት ከሥራ ዓመት ጋር መቀላቀል ነው። ‘ሞዴል 91’ የተባለ የኢጣልያ ጠመንጃ በ1917 ወይም በ1940 የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የአቈጣጠር ልዩነት ነው። በብረቱ ላይ 1940 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደ ወሩ 1932 ወይም 1933 ነው። ጸሓፊው የብረቱን ዓመት ለውጦ በእኛ አቈጣጠር ቢጽፈውና መለወጡን ባያመለክት፣ ሁለተኛው ጸሓፊ እንደገና ይለውጠዋል፤ ጠመንጃውም በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ያረጃል። የፋሺስት መንግሥት ደግሞ ሌላ አቈጣጠር ጨምሮበታል። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበትን ጥቅምት 1922ን መነሻ አድርጎ ዓመታትን በሮማውያን ቁጥር ያስጽፍ ስለ ነበረ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ ብዙ የኢጣልያ መሣሪያዎች ላይ ከተለመደው ዓመት አጠገብ ይህ ቁጥር ይገኛል። በሮማውያን ቁጥር 18 ተብሎ የተጻፈው ከጥቅምት 1939 እስከ ጥቅምት 1940 ያለውን ዘመን ማለት ነው።

ሦስተኛው የተሠራበትን ዓመት ከተዋጋበት ዓመት ጋር አንድ ማድረግ ነው። ‘ይህ የዐድዋ ምርኮ ነው’ ተብሎ ለገዢ የሚቀርብ ሞዴል 91 ቢያጋጥም፣ ነጋዴው በመጀመሪያ ዓመቱን ይመልከት። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በ1896 ስለ ሆነ፣ 1908 ተብሎ የተመታበት ጠመንጃ በዚያ ሊገኝ አይችልም። ዓመቱ 1894 ቢሆን እንኳ፣ በዐድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ሠራዊት በብዛት የያዘው ቬተርሊ የተባለውን የቀድሞውን ጠመንጃ ስለ ነበረ፣ ዓመቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ምልክቱ ያልሆነውን ነገር ለመካድ ይችላል፤ የሆነውን ለማረጋገጥ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ቁጥርን ስለ መጻፍ

ተራ ቁጥር ከሁሉ የሚጠቅም ምልክት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በኢጣልያ ያንኑ ጠመንጃ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩ ስለ ነበረ፣ አንዱ ቁጥር ከአንድ በላይ በሆኑ ጠመንጃዎች ላይ ሊገኝ ይችላል፤ አንዳንዱ ቁጥርም በፊደል ይጀምራል፣ አንዳንዱ ግን ፊደል የለውም። የዳላሱን ጕዳይ የመረመረው የዋረን ኮሚሽን በ1964 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዚያ ዐይነት ጠመንጃ ሲ 2766 የሚል ቁጥር ያለው እርሱ ብቻ መሆኑን የኢጣልያ ጦር የመረጃ ክፍል እንዳረጋገጠ ገልጿል። እዚህ ላይ ‘ከዚያ ዐይነት’ የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። የጀርመን ፋብሪካዎችም በየዓመቱ ከአንድ ቁጥር እየጀመሩ፣ ዐሥር ሺህ ገደማ ሲደርሱ ፊደል እየጨመሩ እንደገና ይጀምሩ ነበር። ስለዚህ ከጀርመን ጠመንጃ ላይ ፋብሪካው፣ ዓመቱና ፊደሉ ካልተጻፉ ቁጥሩ ብቻ የብዙ ጠመንጃዎች ቁጥር ነው።

ፊደሉን በሚመለከት ከትርጕም ሙያ የተማርነውን አንድ ነገር መናገር እንወዳለን። በዳላሱ ጠመንጃ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለውን ፊደል እንግሊዝ ‘ሲ’ ይለዋል፤ ኢጣልያዊ ግን ‘ቺ’ ይለዋል። አንዱ ጸሓፊ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በኢጣልያንኛ የተማረ ቢሆን፣ ሁለቱም ያዩትን በጆሮ ልማዳቸው በአማርኛ ቢጽፉት፣ አንዱ ጠመንጃ በመዝገብ ላይ ሁለት ጠመንጃ ይሆናል። ስለዚህ ትርጕም ለሐሳብ እንጂ ለምልክት አይሆንም። ፊደሉ በብረቱ ላይ በተቀረጸበት መልክ እንዳለ ይገልበጥ፤ ዘውድ፣ ኮከብ ወይም ቀስት ያለበት እንደ ሆነም በትንሹ ይሣል። ማብራሪያው በሌላ ዐምድ ሊጻፍ ይችላል።

ጥይትንና ደኅንነትን ስለሚመለከት

የአፈሙዝ ስፋት ምልክትን አለማንበብ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከላይ ያነሣነው ቬተርሊ ሲወጣ አፈሙዙ ከ10 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነበረ። ኢጣልያ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ባነሳት ጊዜ ከእነዚሁ አሮጌዎች ብዙዎቹን በርሜላቸውን በውስጥ እያጠበበች ለ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ለወጠቻቸው። በሩቅ ሲታዩ ያው የጥንቱ ቬተርሊ ናቸው፤ ነገር ግን ብረታቸው ለደካማው ጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለ ሆነ ዐዲሱን ብርቱ ጥይት ለመቻል የሚያሰጉ ናቸው። የኦስትርያው ሞዴል 95 እንዲሁ በ1930ዎቹ ዓመታት ረዘም ላለ ጥይት ሲለወጥ፣ ለውጡን የሚያስታውቀው በበርሜሉ ግርጌ የተመታው ‘ኤስ’ የሚለው አንድ ትልቅ ፊደል ብቻ ነው።

የቁጥሮችም አለመስማማት እንዲሁ ማስጠንቀቂያ ነው። በሊ ኤንፊልድና በሞዜር መቀርቀሪያው የጠመንጃውን ቁጥር እንዲይዝ ይደረጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መቀርቀሪያ ለራሱ ጥይት ቤት ተለክቶ የተገጠመ ስለ ሆነ ነው። ቁጥራቸው ከተለያየ መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ በመቀርቀሪያው ፊትና በጥይቱ ግርጌ መካከል ያለው ክፍተትም ከልኩ በላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ባለ ጠመንጃ ቢተኰስ ቀልሃው ተቀዶ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ባለሙያ ሳይመረምረው ለጌጥ እንጂ ለመተኰስ የሚሆን አይደለም።

የሁለተኛው ባለቤት ምልክት

ጠመንጃ ከአንድ መንግሥት እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ የራሱን ማኅተም ይጨምርበታል። ኢጣልያ በ1938 ከሠራቻቸው የ7.35 ሚሊሜትር አጫጭር ጠመንጃዎች ወደ 94,500 የሚሆኑት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ትዋጋ ለነበረችው ለፊንላንድ ተሰጥተዋል። እነዚህም በአራት ማዕዘን ውስጥ በተጻፉ ‘ኤስ’ እና ‘ኤ’ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይታወቃሉ፤ ‘ሱኦሜን አርሜያ’ ማለት የፊንላንድ ሠራዊት ማለት ነው። ከኦስትርያና ከሁንጋርያ ተወስደው ለኢጣልያ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች የታደሉ ሞዴል 95ዎችም ‘አ. ኦ. ኢ.’ የሚል ማኅተም በእንጨታቸው ላይ የተመታባቸው ይገኛሉ፤ ይህም የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከቤልጅግ ፋብሪካ ባሠራቻቸው ጠመንጃዎች ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። እንግሊዝ የመንግሥቱን ንብረት በቀስት ምልክት ትለይ ነበር፤ ጠመንጃው ከአገልግሎት ወጥቶ ሲሸጥ ሁለተኛ ቀስት ተጨምሮ የሁለቱ ጫፍ ፊት ለፊት እንዲገናኝ ይደረግ ነበር። ሁለተኛው ቀስት የሌለበት የእንግሊዝ ጠመንጃ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ከመንግሥት እጅ በምን ዐይነት እንደ ወጣ መጠየቅ አግባብ ነው።

እንደዚህ ያሉ ማኅተሞች ዋጋ ስለሚጨምሩ፣ አስመስሎ የሚመታም አይጠፋም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ገዢው ማኅተሙ ከዙሪያው ብረት ጋር አብሮ ያረጀ መሆኑን፣ ወይም ጠርዙ አዲስና ስል ሆኖ የሚያበራ መሆኑን ይመልከት። ቁጥሩ ተሞርዶ የጠፋ ጠመንጃ ሲያጋጥምም፣ ነገሩ የዋጋ ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጕዳይ መሆኑን ይወቅ። በቅን ልብም ቢሆን፣ ዕቃዬ ይመርልኝ ብሎ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት የሚፈገፍግ ነጋዴ የዕቃውን ምስክር በገዛ እጁ ያጠፋል።

የሕግ ነገር

ከዳላሱ ነገር በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ1968 ባወጣው ሕግ፣ ጠመንጃ በፖስታ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ለግል ሰው መላክን ከለከለ፤ የሚሠራውና ከውጭ የሚገባው መሣሪያ ሁሉም ተራ ቁጥር እንዲኖረው አዘዘ። በእኛም አካባቢ በ2004 በናይሮቢ የተፈረመው ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያና ኤርትራም ከፈራሚዎቹ መካከል ያሉበት፣ ትናንሽ መሣሪያዎች ምልክት እንዲደረግባቸውና በመዝገብ እንዲያዙ ይጠይቃል። በ2005 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የመሣሪያ መከታተያ ስምምነት ደግሞ፣ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት አገርና ተራ ቁጥር በያንዳንዱ መሣሪያ ላይ እንዲገኙ ያዛል፤ የአሠራሩ መዝገብ ቢያንስ 30 ዓመት፣ ሌላውም መዝገብ ቢያንስ 20 ዓመት እንዲጠበቅ ይላል። እነዚህ ሕጎች ሁሉ የቆሙት የመጀመሪያው ጸሓፊ በብረቱ ላይ ያለውን በትክክል ገልብጧል በሚል እምነት ነው። እርሱ ከተሳሳተ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ በስሕተት ላይ ይሠራል።

ስለዚህ መዝገብ የሚይዙ ሹማምንትና ውል የሚጽፉ ነጋዴዎች ለያንዳንዱ ጠመንጃ ይህን ቢያደርጉ እንመክራለን። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በሚያውቅ ሰው ይረጋገጥ። ቀጥሎ በጨርቅና በጥቂት ዘይት ብቻ ተጠርጎ፣ በቀን ብርሃን ከጐን እየታየ ይነበብ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ከዚያ የሠሪው ስም፣ የባለ መንግሥቱ ምልክት፣ ሞዴሉ፣ የሥራው ዓመት፣ ተራ ቁጥሩ ከነፊደሉ፣ የመቀርቀሪያው ቁጥርና የአፈሙዙ ስፋት በየዐምዳቸው ይጻፉ። ያልተነበበው ‘አልተነበበም’ ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ። ሕዝቡ የሚጠራበት ስምም፣ ውጅግራም ይባል ምንሽር፣ በመጨረሻው ዐምድ ይግባ።

በዳላስ በዚያ ዕለት ጠመንጃውን በመልኩ የጠሩት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም፤ የቸኰሉ ሰዎች ነበሩ። ቁጥሩን የጻፈው ሌተናና ቁጥሩን ከወራት በፊት በመዝገባቸው ያሰፈሩት የመደብር ጸሓፊዎችም የተለየ ጥበብ አልነበራቸውም፤ የሠሩት የዘወትር ሥራቸውን ነው። ጠመንጃው ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል፤ ቁጥሩም እስከ አሁን በላዩ ይነበባል።